ክዳኑ ጄኔቫ፣ ሳህኑ ዙሪክ

«ክዳን ብቻውን አልሸጥም ብያለሁ እኮ፣ ሙስዬ!»

«ማዳም፣ ሳህኑ እኔ ዘንድ አለ እያልኩዎት ነው!»

«የት?»

«ዙሪክ።»

«እንግዲያው ክዳኑም እዚሁ ጄኔቫ ይቀመጣላ!»

ማዳም ኢቬት ክዳኑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት፤ ነጥቄያቸው የምሮጥ መስሏቸዋል። እውነቱን ለመናገር አስቤ ነበር። ግን ቅዳሜ ጠዋት የፕላንፓሌ አሮጌ ዕቃ ገበያ ሲደራ፣ ክዳን ይዞ መሮጥ ይቅርና ባዶ እጅን ማወናጨፍም አደጋ አለው። እዚህ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር፣ እዚያ የማይበራ መብራት፣ መሃል መንገድ ላይ የሰው መኝታ ቤት መስተዋት። ምናለሽ ተራን ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡትና በየዕቃው ላይ ፈረንሳይኛ ለጥፉበት፤ ፕላንፓሌ ማለት እሱ ነው።

«እርስዎ ሙስዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውሸታም ነዎት» አሉኝ።

ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴትዮ «እርስዎ» እያሉ ሲሰድቡኝ የመጀመሪያዬ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን «አንተ ቀልማዳ!» ብለው በአንድ ቃል ይገላግሉኝ ነበር። ፈረንሳይኛ ግን ሰውን መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ከዚያ ነው የሚጥለው፤ አወዳደቁ ይበልጥ ያማል።

ለአንድ ክዳን እዚህ ድረስ እንዴት ወረድክ ትሉኝ ይሆናል። ልናዘዝ።

የምኖረው ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ነው። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ጥቅል እሸከማለሁ፣ ሲመቸኝ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ያነበቡልኝም «ያስታውቃል» ይሉኛል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጓደኛዬን ልጠይቅ ጄኔቫ መጥቼ ፕላንፓሌ ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ ነጋዴ ጃንጥላ ሥር ተጠለልኩ። መጠለሌ እንዳይታወቅብኝ አንድ ዕቃ አነሳሁ። አረንጓዴ ሴራሚክ ነበር፤ አበባ የተቀረጸበት፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከአንድ የእንግሊዝ ቤት ምድጃ ዙሪያ ተለጥፎ የኖረ። ገልበጥ አደረግኩት። ከጀርባው፣ ከፋብሪካው ማኅተም ጎን፣ ጭቃው ሳይደርቅ የነካው የአንድ ሠራተኛ የጣት አሻራ አለ። እንግሊዛዊው ሞቷል፣ ምድጃው ፈርሷል፣ ጣቱ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አልሆንኩም። ግጥም የሚነበበው ከፊቱ ነው፤ ሴራሚክ ግን ከጀርባው።

ዛሬ አሥራ አንድ ሴራሚክ አለኝ። ሁሉም አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ግድግዳ ላይ እንዳልለጥፋቸው ዙሪክ ውስጥ ሰው ቤት ሲለቅ የምስማር ቀዳዳ ሳይቀር ይቆጠርበታል። ክፍሉን ያከራዩኝ እትዬ አልማዝ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ስለሆኑ፣ ሴራሚክን የሚያዩት በጠላት ዓይን ነው።

«ሰው መታጠቢያ ቤቱን አፍርሶ የጣለውን አንተ በባቡር ጭነህ ታመጣለህ?»

«እትዬ፣ የመታጠቢያ ቤት አይደለም፤ የምድጃ ዙሪያ ነው።»

«እሺ፣ ምድጃው የታለ?»

ስሜ በቤቱ ውስጥ «ቆራሌው» ሆኖ ቀርቷል።

በሽታው ደግሞ በሴራሚክ አልቆመም፤ ወደ ሳህን ተዛመተ። የእንግሊዝ ሳህን ማንነቱ የተጻፈው ከታች ነው። ስለዚህ በየሄድኩበት ሳህን መገልበጥ ጀመርኩ። አንድ ሠርግ ላይ የቀረበልኝ ሳህን ዳሩ ሰማያዊ ሆኖ ሳየው እጄ አላስችል አለኝና ገልብጬ ማኅተሙን አነበብኩ። ክትፎው ላዩ ላይ እንደነበር ያስታወስኩት የሙሽራው አጎት ሱሪ ላይ ሳየው ነው። ማኅተሙ «ቻይና» ይላል። ክትፎውም ሱሪውም በከንቱ ሄዱ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አልትሽቴተን ካለ «ብሮኪ» ከሚባል የአሮጌ ዕቃ መጋዘን፣ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበት አንድ ትልቅ ሾርባ ማቅረቢያ አገኘሁ። የእንግሊዝ ነው። ሁለት ጆሮ አለው፣ ሆዱ ጎድጓዳ፣ ዙሪያው በሰማያዊ ቀለም የታተመ ሥዕል፦ የፈረሰ ግንብ፣ ድልድይ፣ ውኃ የምትጠጣ ላም፣ ባርኔጣው የተንጋደደ ዓሣ አጥማጅ። ክዳን ግን የለውም። ክዳን የሌለው ሾርባ ማቅረቢያ፣ ወሬ ጀምሮ «ቆይ መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ሰው ነው። ዓመት ሙሉ ጠበቅኩት። እና ዛሬ ጠዋት፣ ማዳም ኢቬት ጠረጴዛ ላይ፣ ያው ሰማያዊ፣ ያው ድልድይ፣ ያው የተንጋደደ ባርኔጣ፤ ዳሩ ላይ ለጭልፋ የተተወች ትንሽ ቅርጽ ሳትቀር።

ማዳም ኢቬት ግን ሕግ አላቸው። ሠላሳ ዓመት የእንግሊዝ ሸክላ ሲሸጡ፣ ክዳን ገዝተው የሲጋራ መተርኮሻ ያደረጉ፣ ለድመት ውኃ ያቀረቡ ሰዎች አይተዋል። ስለዚህ ክዳን የሚሸጡት ለሳህኑ ነው እንጂ ለሰው አይደለም። ሳህኑን ዓይናቸው ማየት አለበት።

«እሺ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣዋለሁ።»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ የለም» አሉና ጉልበታቸውን አሹት። «ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ጉልበቴ በቃኝ ብሏል፤ ሰኞ እህቴ ጋ ተራራ ላይ ልኖር እሄዳለሁ። ገበያው እስኪነሳ እዚህ ነኝ። ሳህኑ ከመጣ መጣ። ካልመጣ ክዳኑ ከኔ ጋር ተራራ ይወጣል።»

ዋጋውን እዚያው ተስማማንና ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጥኩ። ከጄኔቫ ዙሪክ በባቡር ሲኬድ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሲመጣም እንዲሁ። ገብቼ እንደተቀመጥኩ እትዬ አልማዝ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ሰማያዊው ሳህኔ አልጋዬ ሥር አለ አይደል?»

«የቱ ሰማያዊ?»

«ትልቁ። ባለ ጆሮው።»

«ያ… የገንፎው?»

«የምን ገንፎ!»

«ራሔል ወልዳ የለ እንዴ! ኦርሊኮን ድረስ ገንፎ በምን ልውሰድላት? በፕላስቲክ? አራስ በፕላስቲክ ትብላ? ደግሞ ጥልቀቱ፣ ሆዱ… እንግሊዝ አይደለም አራስ ያሠራችው ነው የሚመስለው። ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ አጋድመኸው የከረምከው አንተ ነህ።»

«መቼ ወሰዱት?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው! ለምን አልመለሱትም?»

«ባዶውን?» አሉ እትዬ፣ የሰደብኳቸው ያህል። «ምን ዓይነት ሰዎች አድርገሃቸው ነው?»

እዚህ ላይ አልቆልኛል። ስዊዝ ጎረቤት ሳህን ብትልኩለት በማግስቱ አጥቦ፣ አድርቆ፣ የምስጋና ካርድ ጨምሮ በራችሁ ላይ ያስቀምጠዋል። እኛ ግን ባዶ ሳህን መመለስ ነውራችን ነው። የሚሞላበት ነገር እስኪገኝ እናቆየዋለን፣ የሚሞላበት ነገር እስኪገኝም ባለቤቱ ይረሳል። የእናታችን ቁም ሳጥን ውስጥ የራሳችን ሳህን ሦስት ቢሆን የሰው ሳህን ዘጠኝ ነበር። ሁላችንም የሰው ሳህን አሳዳጊዎች ሆነን ነው ያደግነው።

ዙሪክ ደርሼ በቀጥታ ኦርሊኮን ሄድኩ። የእትዬን ወዳጅ የራሔልን በር ካንኳኳሁ በኋላ ነው ባዶ እጄን አራስ ቤት እንደቆምኩ የገባኝ። ኪሴን ስፈትሽ የተጀመረ ቸኮሌት አገኘሁ። የነከስኩበትን በኩል ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

በሩን የከፈቱት የራሔል እናት እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር የመጡ። ቸኮሌቱን ተቀበሉኝ፣ አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ራሔል ሕፃኑን ታቅፋ ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሳህኑ የታለ?» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

«ምን?» አለች ራሔል።

«ማለቴ… ልጁ ማንን ይመስላል?»

ሳህኑ ወጥ ቤት፣ ታጥቦ ተደፍቷል። አፌን በእጄ ጋረድኩ፤ ከጎኑ የብረት ሽቦ አለ።

«አንድ ጥግ ላይ እድፍ ነበረው» አሉ እማማ። «ሰው ሰው ይመስላል፣ ባርኔጣ ያደረገ። በሽቦ ብፈትገው ብፈትገው እንቢ አለኝ።»

ዓሣ አጥማጁን! ዕድሜ ለእንግሊዝ፣ ቀለሙን ከላይ በሚያብረቀርቀው ሽፋን ሥር ስለሚቀብሩት ባርኔጣው እንኳ ከራሱ አልወለቀም።

«በቃ እማማ፣ ልውሰደውና ልሂድ።»

«ባዶውን?»

«ቸኩያለሁ…»

«ዶሮው እየተሠራ ነው፤ ቁጭ በል።»

ድስቱን ከፈት አድርጌ አየሁ። ሽንኩርቱ ገና ቀይ አልመሰለም። ዶሮዋ ጎድጓዳ ውስጥ ሎሚ ተጨምቆባት ተራዋን ትጠብቃለች።

«እማማ፣ ስኳር ያድርጉበትና ልሂድ።»

«ስኳር? በገንፎ ፈንታ ስኳር? አልማዝ ምን ትለኛለች?»

«እሺ ብርቱካን።»

«ብርቱካን ለሆስፒታል ነው።»

«ውኃም ቢሆን ያድርጉበት!»

እማማ ጥሩነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይሄ ልጅ ደህና ነው?»

«ሽትሬስ ነው እማዬ፣ ጭንቀት። እዚህ አገር ሁሉም አለበት» አለች ራሔል። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ተርሚን አለህ እንዴ?» ቀጠሮ ማለቷ ነው።

«አዎ፣ ተርሚን አለኝ!»

«ከማን ጋር?»

«ከክዳን ጋር።»

ጃኬቴን አውልቄ ወጥ ቤት ገባሁ። እንቁላል ላጥኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ የላጥኩት ነገር የለም። እሳቱን ጨመርኩ፣ እማማ ቀነሱ። ጨመርኩ፣ ቀነሱ። በመጨረሻ እጄን በማማሰያ መቱኝና «ዶሮ ወጥ ባቡር አይደለም፤ ሲደርስ ነው የሚደርሰው» አሉኝ።

ሲደርስ ሳህኔን እስከ አፉ ሞሉት። አራት እንቁላል፣ ሁለት ቅልጥም፣ ከላይ የሚንሳፈፍ ቀይ ዘይት።

«ክዳኑስ?»

«ክዳኑ ጄኔቫ ነው።»

«ወይ ስዊዝ!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ድስቱ አንድ ከተማ፣ ክዳኑ ሌላ ከተማ!» እንጀራ አጣጥፈው አለበሱት፣ በላዩ ፎይል ጠቀለሉና፣ «ለአልማዝ ሰላም በልልኝ፣ በትኩሱ ትብላ» ብለው ሸኙኝ።

«እሺ» አልኩ። ውሸቴን ነው። አልትሽቴተን ብሄድ ባቡሩ ያመልጠኛል።

ለምን መንገድ ላይ አትደፋውም እንዳትሉኝ። ዙሪክ ዋናው ጣቢያ፣ የቆሻሻ መጣያ ፊት ለፊት ቆሜ አስቤዋለሁ። ግን የአራስ ቤት ዶሮ ወጥ ደፍቶ ደህና የኖረ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የመጀመሪያው ለመሆን አልደፈርኩም፤ ተሳፈርኩ።

ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሁለቱን ጆሮዎቹን እንደ መሪ ይዤ ተቀመጥኩ። ባቡሩ ተነቃነቀና ፎይሉ ተሰነጠቀ። ሽታው ወጣ። የስዊዝ ባቡር ውስጥ ሰው ሰውን አያይም፤ ዶሮ ወጥ ግን ሁሉም አየው። አንድ ሰውዬ በጎኔ ሲያልፍ ሳህኑን ተመለከተና በአክብሮት «ኧን ጉዌተ» አለኝ፤ መልካም ምግብ ማለቱ ነው። አመሰገንኩ። ከኋላው የመጣችው ሴትም «ኧን ጉዌተ»። ከዚያ አንድ ጥንድ አዛውንት፣ ከዚያ ትኬት ተቆጣጣሪው። የዙሪክ ሰዎች ምግብ የያዘ ሰው ካዩ ይህን ሳይሉ ማለፍ አይሆንላቸውም። እየተመኙልኝ የማልበላ ሰው ስሆን ግን ፊታቸው ተለወጠ። ዶሮ ታቅፎ የሚያላብ፣ የማይበላ ሰው! ተቆጣጣሪው ሲመለስ አሁንም አልጀመርኩም ነበር፤ ቆሞ አየኝ። ደንግጬ አንድ እንቁላል በሙሉው ጎረስኩ። ፈገግ ብሎ ሄደ።

እንዲህ እየሆነ በርን ሳልደርስ አንድ እንቁላልና አንድ ቅልጥም በይሉኝታ በላሁ። ፍሪቡርን ስናልፍ ምኞቱ በፈረንሳይኛ «ቦናፔቲ» ሆነ፤ የቋንቋ ድንበር መሻገራችንን በሁለተኛው እንቁላል አወቅኩ። ሎዛን ላይ አንድ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ ሲመኝልኝ፣ «እባክዎን እርስዎም ይብሉ» አልኩት። ጥቅልል እንጀራ አስይዤው ወረደ። እስከ ዛሬ ምን እንዳደረገው አላውቅም።

ጄኔቫ ትራሙ ድንገት ሲያቆም መረቁ ዘለለና የነጭ ጫማዬ ቀኙ ቀላ። ፕላንፓሌ ስደርስ ገበያው እየተነሳ ነው። ማዳም ኢቬት ሸክላቸውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ቫናቸው ውስጥ ይደረድራሉ። ክዳኑ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

«ማዳም! ሳህኑ!»

መነጽራቸውን አወረዱ። «ይህ ዶሮ ነው።»

«ሳህኑ ከሥሩ ነው።»

«ሙስዬ፣ እኔ ማኅተሙን ነው ማየት የምፈልገው። ይገልብጡት።»

ገልብጠው! ከአጎትየው ሱሪ ወዲህ ይህን ቃል ስሰማ ያመኛል። ትንሽ ተከራከርንና ሳጥን ላይ ወጣሁ፤ ሳህኑን ከራሴ በላይ አነሳሁት፤ ማዳም ኢቬት ከሥሬ ቆመው አንገታቸውን አቅንተው በአጉሊ መስታወት ወደ ላይ ያዩ ጀመር። የሚያልፈው ሰው ቆመ። ሁለት ተማሪዎች ስልክ አወጡ።

«ከፍ። ወደ ግራ። አይንቀጥቀጡ!»

«ከባድ ነው ማዳም!»

«አዎ… እንግሊዝ… ያው ፋብሪካ…» ሲሉ አንድ የመረቅ ጠብታ መስታወቱ መሃል አረፈች። አገር ምድሩ ቀላባቸው። መስታወቱን በጣታቸው ጠረጉት። ጣታቸውን ለመጥረግ ጨርቅ ፈለጉ፣ አጡ፣ ላሱት።

ጣታቸውን ደግመው ላሱት።

«ይውረዱ» አሉ በመጨረሻ። «ማንኪያ አለኝ።»

በተገለበጡ ሳጥኖች ላይ ተቀመጥን። እንጀራውን እንዴት እንደሚቆረስ አሳየኋቸው፤ ማንኪያውን ትተው በእጃቸው ገቡበት። በየጉርሻው «ይህ ግድያ ነው!» ይላሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይመለሳሉ። የቀረውን ቅልጥም ጨረሱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንቁላሎች ለሁለት ተካፈልን። ከዚያ ሳህኑን አደባባዩ ዳር ካለው የውኃ ቧንቧ አጠብኩትና ወደ ብርሃን አነሳሁት።

የድሮ ሸክላ ሽፋኑ በዓመታት ብዛት እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ይሞላል። እማማ ጥሩነሽ ዘይት አልቆጠቡም። ሦስት ሰዓት ሙሉ በርበሬው እያንዳንዷን ስንጥቅ ሲሞላ ቆይቷል። ነጭ የነበረው የእንግሊዝ ሰማይ ከግንቡ እስከ ድልድዩ ብርቱካንማ ሆኗል። ላሟ በጀንበር መጥለቂያ ውኃ ትጠጣለች።

«አበላሸሁት» አልኩ። ይህን በፈረንሳይኛ ለማለት ሦስት ግሥ ሞክሬ ሦስቱም ስህተት ነበር፤ ግን ፊቴ ትክክል ሳይለው አልቀረም።

ማዳም ኢቬት ክዳኑን አነሱ፣ ነፉበት፣ በሳህኑ ላይ አሳረፉት። «ጥክ» አለ። አንድ ፀጉር እንኳ አላለፈም።

ሁለታችንም ትንሽ አየነው።

«ምን ያደርጉበታል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር። ደረቴን ነፋሁ። «ማዳም፣ አይስጉ። በሁለት ፎጣ እጠቀልለዋለሁ። አልጋዬ ሥር፣ ከሴራሚኮቼ መሃል አስቀምጠዋለሁ። ከእንግዲህ ምግብ አይነካውም፣ የሰው እጅ አይነካውም። በሩን እቆልፋለሁ!»

ክዳኑን መልሰው አነሱት።

«ማዳም?»

«እኔ ይህን ክዳን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስሸጥም ከሸጥኩት ዕቃ ላይ ሰው ሲበላ ያየሁት ዛሬ ነው፤ ያውም እኔው ነኝ። ክዳን የሚከደነው ትኩስ ነገር ላይ ነው፣ ሙስዬ። ለአልጋ ሥር አልሸጥም!»

«ሳህን ካላየሁ አሉ፣ አመጣሁ! ከዙሪክ! ከነዶሮው!»

«ወረቀት አለዎት?»

ከደብተሬ አንድ ገጽ ገነጠልኩላቸው፤ በአንድ በኩል ግጥም ነበረበት። ገልብጠው በባዶው በኩል መጻፍ ጀመሩ፣ ጮክ ብለው እያነበቡ። «እኔ ከታች የፈረምኩት፣ በዚህ ዕቃ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ትኩስ ምግብ ላቀርብ…»

«በወር አንድ ጊዜ።»

«በሳምንት።»

«እሺ፣ ሾርባ ብቻ።»

«ዶሮም።» አሰመሩበት። «እንዲሁም ከአልጋ ሥር ላላስቀምጥ፣ እገደዳለሁ። ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ከእትዬ አልማዝ ዓመት ሙሉ የሸሸሁትን ነገር በፊርማዬ ገባሁበት፤ ያውም በማላነበው ቋንቋ። ዋጋውን ከፈልኩ፤ ክዳኑን አስረከቡኝ። ወረቀቱን ከሁለቱም በኩል አዩት፤ በግጥሙ በኩል ትንሽ ቆዩ፣ ፊደሉን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይህስ ምን ይላል?»

«ስለ ዝናብ ነው።»

«ረጅም ነው» አሉ። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ጠረጴዛቸውን አጣጥፈው ጫኑ፣ እጄን ጨበጡኝና ጉልበታቸውን ደግፈው ወደ ቫናቸው ወጡ። በሩ በመጀመሪያው አልገጠመም። ከፈቱት፣ ትንሽ ወደ ላይ አነሳ አደረጉት፣ እንደገና ዘጉት።